ላልሞተ የተነፋ ጥሩምባ

አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ስሙ እንግዳወርቅ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ጋሽ እንግዳ ይለዋል። ሥራው ለመናገር አጭር ነው። ከእድርተኛው መካከል ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ ከታችኛው ድልድይ እስከ ላይኛው ወፍጮ ቤት እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ጥሩምባው ከተሰማ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ። የቀረ ይቀጣል። ጋሽ እንግዳ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰፈሩን ለሌላ ነገር ጠርቶ አያውቅም። የጠራው ለሞት ብቻ ነው።

የእድሩ ዕቃ በሚቀመጥበት ቤት ደጃፍ አንድ ውሻ ይኖር ነበር። ጠርጥር ይሉታል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንዱ ቤት ፍርፋሪ፣ ሌላው ቤት አጥንት ይጥልለታል፤ ስለዚህ የሁሉም ነው ይባል ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ድንኳን፣ ዘጠኝ ትልልቅ ብረት ድስት፣ መቶ ስልሳ ወንበር አለ። ዘበኛ ለመቅጠር ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ «ጠርጥር አለ አይደል እንዴ!» ተብሎ ተበትኗል። ጋሽ እንግዳ ጥሩምባ ሲነፋ ጠርጥር ከኋላው ይከተለዋል። ለቅሶ ቤት ሲደርስም ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ይተኛል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ከዚያ አይነሣም።

አንድ ክረምት ላይ ሌቦች መጥተው የእድሩን ቤት በር ገነጠሉ። ጠርጥር ጮኾ ሰፈሩን አስነሣ። ሌቦቹ ያወጡትን ድስት ሁሉ ጥለው ሸሹ፤ ሲሸሹ ግን አንደኛው የውሻውን የኋላ እግር በገጀራ መታው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሰዉ ተሰበሰበ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዘለለው ከበሩ ቆሞ ድስቶቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረና «ዘጠኙም አለ! ውሻችን ጀግና ነው እኮ!» አለ። ሁሉም ደስ አለው። አንዲት ሴት ሥጋ ያልተለየው አጥንት አምጥታ ጣለችለት። ጋሽ እንግዳ ከጥግ ቆሞ አየ። ድስቶቹን የቆጠረ ሰው ነበረ፤ የውሻውን እግር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን እግሩ አበጠ፤ ሸተተም። ጋሽ እንግዳ በጨው ውኃ አጠበው። ውሻው እያቃሰተ የሚያጥበውን እጅ ላሰ። ያን ጊዜ ጋሽ እንግዳ የጎረቤት የአህያ ጋሪ ለምኖ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ ጠርጥርን ጫነና ወደ ከብት ሕክምናው ሄደ።

በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ውሻ ነው።»

«ይታለባል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ውሻ ነው እኮ።»

«ያርሳል? ይጭናል? ይታረዳል?»

«ይጠብቃል» አለ ጋሽ እንግዳ።

ሰውየው ወረቀቱን አዙሮ አሳየው። «እዚህ ላይ ላም አለ፣ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ ዶሮ እንኳ አለ። ይጠብቃል የሚል የለም።»

«ለውሻ ምንም የላችሁም?»

«አለን እንጂ። መርዝ አለን። ባለቤት የሌለው ሲበዛ በሥጋ አድርገን እንበትናለን።»

ይህን የተናገረው የገበያ ቀን እንደሚነግር ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጋሽ እንግዳ ወደ ጋሪው ተመለሰ። አህያዋን አያት። እሷ ብትታመም በዚህ በር ትገባለች፤ የጎተተችው ግን አይገባም። በልቡ አንድ ነገር ነደደ። ግን ጠባዩ ፈሪ ነውና ልጓሙን ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት የእንስሳት ሐኪም እንዳለች ነገሩት። ሄደ። በሩ መስታወት ነው። አንድ ነጋዴ ሹራብ የለበሰች ነጭ ትንሽ ውሻ ታቅፎ ተራ ይጠብቃል፤ ያመጣት ጥፍሯን ሊያስቆርጥላት ነው። የጠርጥር ሽታ ሲደርሰው አፍንጫውን ይዞ «ሽማግሌው፣ ይሄን ከዱር ነው ያመጡት?» አለ። ጋሽ እንግዳ በነጯ ውሻ አልቀናም። እሷ መታከሟ ደግ ነው። ያንገበገበው ሌላ ነው፤ አንዷ ለጥፍሯ ስትመጣ ሌላው ለነፍሱ መግቢያ ማጣቱ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ተንበርክካ እግሩን አየች፤ ለጊዜው የሚያስታግሥ መርፌም ወጋችው።

«አባቴ፣ እግሩ ውስጥ ውስጡን መግሏል። መከፈት አለበት፤ ምናልባትም ይቆረጣል። በሦስት እግር ተደላድሎ የሚኖር ውሻ ሞልቷል፤ በዚህ አይሥጉ። የድካሜን አልጠይቅዎትም። መድኃኒቱን ግን በእጅ በእጅ ነው የምገዛው፤ ሦስት ሺህ ብር ይፈጃል። ባለፈው ወር ለእንዲህ ያለው ከኪሴ አውጥቼ የቤት ኪራይ አቅቶኝ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ማክሰኞ ማለዳ ይምጣ። ከዚያ ካለፈ መግሉ ወደ ደሙ ይገባል፤ እኔም አልደርስበትም። ለመሆኑ የማን ውሻ ነው?»

«የሰፈሩ ነው ልጄ። የእድሩ።»

«እድሩ ስንት አባወራ አለው?»

«ሦስት መቶ አርባ።»

ሐኪሟ ፊቷ በራ። «ታዲያ ምን አሳሰበዎት? ለአንድ ቤት አሥር ብር እንኳ አይደርስም!»

ጋሽ እንግዳም ፊቱ በራ። ጋሪውን እየነዳ ሲመለስ «አይዞህ፣ ሰው አለህ» እያለ ለውሻው ይነግረው ነበር።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ እንግዳ እጁን አውጥቶ፣ እየተንተባተበ ነገሩን አስረዳ። አቶ ዘለለው ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ጸሐፊው ዞረና «ደንቡን አንብብልን» አለ። ጸሐፊው አነበበ፤ «እድሩ የተቋቋመው እድርተኛ ሲሞት ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው።»

«ሰማህ ጋሽ እንግዳ? ሲሞት ነው የሚለው። ሲታመም አይልም። ደግሞ እድርተኛ ነው የሚለው። ጠርጥር ወርኃዊ መዋጮውን ከፍሎ ያውቃል?»

ሰዉ ሳቀ።

«ከፍሏል» አለ ጋሽ እንግዳ። «በእግሩ ከፍሏል።»

ሳቁ ትንሽ ቀዘቀዘ። አቶ ዘለለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ያን ቅዳሜ ‹ውሻችን› ብለው ነበር» አለ ጋሽ እንግዳ።

«ያ አነጋገር ነው።»

«ዛሬስ የማን ሆነ?»

«እንደማየው ያንተ ሆኗል።»

እንደገና ሳቁ። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ተነሣች። ወይዘሮ አልጋነሽ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

«ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ውሻ ይታከም? ባሌ በጉበት ስምንት ወር ተኛ። የዚህ እድር ሣጥን ያኔም ሙሉ ነበር። ለመድኃኒት አበድሩኝ ብዬ ብለምን ይሄው ደንብ ተነበበልኝ። ሲሞት ግን ድንኳን መጣልኝ፣ ወንበር መጣልኝ፣ ሰው ግቢውን ሞላው። ለባሌ ያልተሰጠ ለውሻ ሊሰጥ?»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ከሚያጨበጭቡት መካከል ያን ጊዜ ደንቡን ያነበቡላት ሰዎች ነበሩ። የተናገረችው እውነት እንደሆነ ጋሽ እንግዳ ያውቃል። ለባሏ ጥሩምባ የነፋው እሱ ራሱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ያን ደጃፍ ያልረገጠ ሁሉ በአንድ ማለዳ ግር ብሎ ሲገባ በዓይኑ አይቷል። አሁን ደግሞ በእሷ ላይ የተሠራው ግፍ ለሌላው ግፍ ምስክር ሆኖ ቆመ። አንድን ሰው መበደላቸው ሁለተኛውን ለመበደል ፈቃድ የሚሰጣቸው ይመስል ነበር።

ሰኞ ቤት ለቤት ዞረ። በስብሰባው ላይ «ውሻው ያንተ ነው» ያሉት ሰዎች በየደጃፋቸው ሲያገኛቸው «የሰፈሩ ውሻ ነው፤ ሰፈሩ ያዋጣ» አሉት። ሰፈሩ ሲጠየቅ የአንድ ሰው ሆነ፤ አንድ ሰው ሲጠየቅ የሰፈሩ ሆነ። ጋሽ እንግዳ ያለውን ሁሉ አራግፎ ቢጨምርበት እንኳ ግማሽ አልሞላም። ማታ ውኃ ቢያቀርብለት ጠርጥር ምላሱን አላወጣም።

ማክሰኞ ማለዳ ጋሽ እንግዳ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ። ያለ ሞት ጥሩምባ መንፋት እንደሚያስቀጣ ያውቃል፤ ከሥራው እንደሚያስወጣም ያውቃል። ከታችኛው ድልድይ ጀመረ። ነፋ። በሮች ተከፈቱ። «ማነው? ማነው?» አሉት። እሱ ስም አልጠራም፤ «ወደ እድሩ ቤት! ወደ እድሩ ቤት!» እያለ አለፈ። እስከ ላይኛው ወፍጮ ቤት ድረስ ነፋ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ቤት ደጃፍ ጠጠር መጣያ አጣ። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል። ወንዶቹ አካፋና ዶማቸውን ይዘዋል። አንዲት አሮጊት ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ትላለች። አቶ ዘለለው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ደረሰ።

«ማነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለ ጋሽ እንግዳ።

«ታዲያ ለምን ነፋህ?»

«ከሞተ በኋላ መምጣታችሁን አውቃለሁ። ሳይሞት ትመጡ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።» ከግድግዳው ሥር ጆንያ ላይ ወደተጋደመው ጠርጥር በእጁ አመለከተ።

ያን ጊዜ ጩኸቱ ፈነዳ።

«አብዷል!»

«ውሻው ነክሶት ነው እንጂ በጤናው አይደለም!»

«ጋሽ እንግዳ፣ የእኔም ድመት ታስላለች፤ ነገ ትነፋላታለህ?»

«ሥራ አስፈታን እኮ ይሄ ሰውዬ!»

አሮጊቷ እንባዋን ጠርጋ «እኔን በከንቱ አስለቀስከኝ!» ብላ ተቆጣች። አቶ ዘለለው ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ጸሐፊውን ጠየቀ። ጸሐፊው ደንቡን አገላበጠ። በሐሰት የነፋ የሚል አንቀጽ አልተገኘም። ከቀብር የቀረ በሚለው ይቀጣ ያሉ ነበሩ፤ ቀብር ስለሌለ ከየት ቀረ ብለው የተቃወሙም ነበሩ። ጥሩምባው ይወሰድበት፣ አይወሰድበት በሚለው ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። ፀሐይዋ እየወጣች ሄደች። የሚያውቀው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጠርጥር ጆሮውን ብቻ ቀና ያደርጋል፤ ኋላ ኋላ ጆሮውንም ተወው።

በመጨረሻ ጋሽ እንግዳ ጮኸ። በዕድሜው እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

«እናንተ ሰዎች! ጊዜ የለንም ብላችሁ ነበር፤ ይሄው ሥራችሁን ትታችሁ ቆማችኋል። ገንዘብ የለንም ብላችሁ ነበር፤ ለቀብር ብጠራችሁ ኖሮ ይሄን ጊዜ አዋጥታችሁ ጨርሳችሁ ነበር። ጉልበቱም አካፋውም በእጃችሁ ነው። ሁሉም ተሟልቷል! የጎደለው ሬሳ ብቻ ነው!»

ወይዘሮ አልጋነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ሰዉ ልትሰድበው ነው ብሎ ጠበቀ። ቀርባ ውሻውን አየች፤ ከዚያ ጋሽ እንግዳን አየች።

«ባሌ ተኝቶ ሳለ ይሄን ጥሩምባ ለምን አልነፋህልኝም?»

ጋሽ እንግዳ አንገቱን ደፋ። «አላሰብኩትም እህቴ። ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ የተዘቀዘቀውን ነጠላዋን ገልብጣ አስተካክላ ለበሰች። የጫፉን ቋጠሮ ፈትታ የያዘችውን በእጁ ላይ አደረገችለት። «እሑድ የተናገርኩት ተቃጥዬ ነው። ያቃጠለኝ ግን ውሻው አልነበረም» አለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች፤ «እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለ። የደንቡ አንድ ገጽ ተነብቦ በማያልቅበት ጊዜ ሦስት ሺህ ብሩ ሞላ። አቶ ዘለለውም ሰጠ፤ «በግሌ ነው፤ በእድሩ ስም አይያዝ» ብሎ።

ጋሪው አስፋልቱ ጋ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ ወጣች። የውሻውን ዓይን ገለጠች፤ እጇን ደረቱ ላይ አኖረች። ልቡ ቆሟል።

«አባቴ፣ ከቤት በስንት ሰዓት ተነሡ?»

«ጥሩምባውን የነፋሁት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

«መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው። ቀሪውን ጊዜ ምን ስታደርጉ ነበር?»

ጋሽ እንግዳ መሬት መሬት እያየ «ስንነጋገር» አለ።

«ማለዳ ቢደርስ ኖሮ እሞክር ነበር» አለች። የዘረጋላትን ገንዘብ ወደ ኪሱ መለሰችለት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ ነበር።

ሬሳውን ይዞ ሲመለስ ሰዉ አልተበተነም። ሞቱን ሲሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ወዲያው አወቁ፤ ይህን ሥራ ይችሉበታል። ማንም ሳያዝዛቸው ከእድሩ ቤት ጀርባ ከግራሩ ሥር ቆፈሩ። ጉድጓዱ ለሰው የተቆፈረ ያህል ጥልቅ ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። አቶ ዘለለው ባርኔጣውን አውልቆ «ውሻችን ታማኝ ነበር። የሁላችንም ነበር» አለ። እንደገና «ውሻችን» ሆነ። እዚያው ቆመው ሳሉም ዕቃው ያለ ጠባቂ እንዳያድር ዘበኛ ለመቅጠር እጅ አወጡ፤ የዘበኛው የአንድ ወር ደመወዝ ለመድኃኒቱ ከተጠየቀው ይበልጥ ነበር። አንድም ሰው አልተቃወመም። ደንብም አልተነበበም።

ከዚያ አቶ ዘለለው ወደ ጋሽ እንግዳ ጠጋ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ «ቅጣቱን ትተንልሃል። እንዲህ ሰዉ ከተሰበሰበ አይቀር አንድ ጊዜ ንፋለትና እናሰናብተው» አለው።

ጋሽ እንግዳ ጥሩምባውን ከብብቱ አወጣ፤ ወደ አፉ ግን አላስጠጋውም።

«እኔ ነፍቼለታለሁ። በሕይወት ሳለ፣ እሱም በጆሮው እየሰማ ነፍቼለታለሁ። ያኔ ያልሰማ ሰው አሁን ምን ይሰማል?»

ጥሩምባውን በአቶ ዘለለው እጅ ላይ አኑሮ ወደ ሴቶቹ ሄደ። በኪሱ የቀረውን ገንዘብ ለወይዘሮ አልጋነሽ ሰጣት። እሷም ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ለሚቀጥለው በሽተኛ ነው። ሰውም ይሁን ውሻ፣ ሲታመም ነው የሚወጣው፤ ሲሞት አይደለም» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የእድሩ ደንብ አልተለወጠም ይባላል። የዚያ ነጠላ ቋጠሮ ግን ከዚያ ወዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ጋሽ እንግዳ ቤት ለቤት እየዞረ ይሞላዋል። አሁን የሚዞረው ያለ ጥሩምባ ነው።

አባቶች ሲተርቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ውሻው በጊዜው ጮኾ ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኹት ሰዎቹ ናቸው። ሲጠብቀን «የእኛ» ያልነውን ሲታመም «ያንተ» ካልን፣ ቀድሞም የእኛ አልነበረም፤ ተገለገልንበት እንጂ። ለመዳኛው የጠፋው ገንዘብ ለመተኪያው ከተገኘ፣ የጠፋው ገንዘብ አልነበረም።

እርስዎስ አንባቢ ሆይ፣ ቢሞት አካፋ ይዘው የሚሮጡለት፣ ዛሬ ግን በደጃፉ አልፈው የሚሄዱበት ማን አለ? እስካሁን አልሞተም። ጥሩምባው እስኪነፋ ይጠብቃሉ?